ክሱ የት ደረሰ?



በጥንቱ ሥርዓታችን ተበዳይ በዳዩን መንገድ ላይ ሲያገኘው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያስቆመው ነበር። የሁለቱ ኩታ ጫፍ ለጫፍ ታስሮ፣ ቁራኛ ሆነው ዳኛ ፊት ይቀርባሉ፤ እስከዚያው ከሳሽ ተከሳሹን ከዓይኑ አያጣም። እዚህ ዴንቨር የሆነው ግን ሌላ ነው።

በ2011 (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካላልን በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በቀይ ሽብር ጊዜ አዲስ አበባ ከፍተኛ 15 ታስሮ የነበረ አንድ ወገናችን የእስር ቤቱን ጠባቂ በዓይኑ አየው፤ ለየውም። ከፈለኝ ዓለሙ ወርቁ ነበር። ይህ ሰው በ2004 የሌላ ሰው ስም ይዞ በስደተኛነት ወደ አሜሪካ ገባ፤ በዚያው ስም ዜግነት አገኘ፤ እኛው መካከል ተቀምጦ ኖረ። ነገሩ ለፌዴራል መርማሪዎች ተነገረ። ሰውየው የተያዘው ግን በኦገስት 2012 ነው።

በመካከሉ ያለፈውን ጊዜ አስቡት። ለጎረቤት ቢነገር ወሬው ይወጣል፤ ስሙን የለወጠ ሰው ከተማ መለወጥ አያቅተውም። ባይነገር ደግሞ ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት፣ ቡና ቤት እየተላለፉ መኖር ሊመጣ ነው። የዴንቨርና የኦሮራ ሐበሻ ተዋውቆ የሚኖር ነው፤ አንዱ ያላወቀውን ሌላው ያውቃል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በወፌ ላላ ተሰቅለው የተገረፉ ሰዎች ያኔ አፋቸው እንዲከፈት ተገደዱ፤ አሁን ደግሞ ለፍትሕ ሲባል አፋቸውን እንዲዘጉ ሆነ። እኛ ከዚያ ዘመን በኋላ የተወለድን በመሆናችን ግርፋቱን አናውቀውም። ይህን ዝምታ ግን በታላላቆቻችን ፊት ላይ አይተነዋል።

ለመሆኑ ክስ የሚመሠርተው ማን ነው? ብዙዎቻችን «ፖሊስ ይከሰው ይሆን?» እያልን እንጠይቃለን። በፌዴራል ወንጀል መርማሪው ይመረምራል እንጂ አይከስም። ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃውን ግራንድ ጁሪ ለሚባል፣ ከ16 እስከ 23 ተራ ዜጎች ለሚቀመጡበት ጉባኤ ያቀርባል፤ ክሱ የሚወጣው ቢያንስ 12ቱ ሲስማሙ ነው። ጉባኤው ዝግ ነው። ተበዳዩም በዚህ ሥርዓት ከሳሽ አይባልም፤ ምስክር ነው። ስለዚህ ደጅ እየጠና «የት ደረሰ?» ቢል መልስ የሚሰጠው የለም። ይህ የቢሮ ንቀት ነው ብለን ስንማረር ቆይተናል፤ በከፊል ግን ሕጉ ራሱ ነው።

ክሱ ሲመጣስ ምን ይላል? በማጭበርበር ዜግነት ማግኘት፤ የቪዛና የሰነድ ማጭበርበር፤ የሌላ ሰው ማንነት መስረቅ። ግርፋት የሚል ቃል የለበትም! ምክንያቱም አሜሪካ በውጭ አገር የተፈጸመ ማሰቃየትን በወንጀል የሚያስጠይቅ ሕግ ያወጣችው በ1994 ነው፤ ሕገ መንግሥቷም የወንጀል ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይሠራ ይከለክላል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 28 በሰው ልጆች ላይ የሚፈጸም ወንጀል በይርጋ አይታገድም ይላል። እዚህ ግን ሰዓቱ የሚቆጠረው ለደሙ ሳይሆን ለወረቀቱ ነበር፤ ይኸውም በማጭበርበር ለተገኘ ዜግነት አሥር ዓመት።

ቢሆንም ወረቀቱ በር ከፈተ። በኦክቶበር 2013 ጁሪው ጥፋተኛ አለው። ከፍርዱ በፊት የቀድሞ እስረኞች ችሎት ፊት ቆመው የደረሰባቸውን ተናገሩ፤ ዳኛ ጆን ኬን በሜይ 2014 ሃያ ሁለት ዓመት እስራት ፈረዱ። አሥር፣ አሥር እና ሁለት፤ ለሦስቱ ክሶች ሕጉ የሚፈቅደው ጣሪያ። በ2015 የይግባኙ ፍርድ ቤት አጸናው። ወረቀት ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አይፈረድም ነበር፤ ቅጣቱን የሰቀለው የምስክሮቹ ቃል ነው።

ከዚያ በፊት በአትላንታ የነበረውን የቀልቤሳ ነገዎን ጉዳይ የምታስታውሱ አላችሁ። ሦስት ሴቶች እህቶቻችን ዐቃቤ ሕግን ሳይጠብቁ በ1990 ራሳቸው በፍትሐ ብሔር ከሰሱት፤ በ1993 ረቱት። ሰውየው ግን በ1995 ዜግነት ተሰጠው! ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በ2006 ነው። በኔዘርላንድስ ደግሞ ሕጉ ሌላ በመሆኑ፣ እሸቱ ዓለሙ በ2017 በጦር ወንጀል በራሱ ተከስሶ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

በቅርቡ፣ በኤፕሪል 2025፣ እዚሁ ዴንቨር በፌዴራል ፍርድ ቤት ጋምቢያዊው ማይክል ኮሪያ በ2006 በአገሩ በፈጸመው ማሰቃየት ጥፋተኛ ተባለ። ክሱ የወጣው በ2020 ነው፤ በዚህኛው ላይ ማሰቃየት የሚለው ቃል በግልጽ ተጽፏል፤ ድርጊቱ ከ1994 በኋላ ነውና። ዜናውን ለታላላቆቻችን ስናነብላቸው ስለ ቅጣቱ አልጠየቁንም። የጠየቁት የጋምቢያ ሰዎች ስንት ዓመት እንደ ጠበቁ ነው። ቆጥረን አሥራ ዘጠኝ አልናቸው።