ክምር ነው ወይስ ጎጆ?

ጫግኒን ከሳተላይት ፎቶ ላይ የሚያያት ሰው መጀመሪያ የሚለየው መንገዱን ነው፤ ከእንጅባራ ተነሥቶ፣ ከተማዋን አልፎ፣ ወደ ግልገል በለስና ወደ ህዳሴ ግድብ የሚዘልቀውን። ቀጥሎ የቆርቆሮ ክዳኑ ያብለጨልጫል። ከከተማው ወጣ ሲሉ ግን ነገሩ ይደበላለቃል። በበጋ በተነሣ ፎቶ ላይ የሳር ጎጆውም፣ የጭድ ክምሩም፣ አውድማውም ክብ ክብ፣ ገርጣ ገርጣ ያሉ ነጠብጣቦች ናቸው። በከተማዋ ዙሪያ ያለው የጓንጓ ወረዳ ገበሬ ልጅ አንዴ አይቶ ይለያቸዋል። ሌላ አገር ተቀምጦ በበጎ ፈቃድ ካርታ የሚሥል ተማሪ ግን ክምሩን ቤት ብሎ ይመዘግበዋል፤ ካርታው ላይም ማንም ያልኖረበት መንደር ይበቅላል።

ይህ ተማሪ የሚሥልበት ካርታ ኦፕንስትሪትማፕ ይባላል። በ2004 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ስቲቭ ኮስት የጀመረው፣ ማንም ሊጨምርበትና ሊያርመው የሚችል፣ ማንም በነጻ የሚጠቀምበት የዓለም ካርታ ነው። በጥር 2010 እ.ኤ.አ. የሄይቲ ዋና ከተማ ፖርቶፕሪንስ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈራርስ፣ ከተማዋን ረግጠዋት የማያውቁ ሰዎች ከያሉበት ሆነው ጎዳናዎቿን በቀናት ውስጥ ሣሉ፤ ነፍስ አድን ሠራተኞችም በዚያ ካርታ ሠሩ። በዚያው ዓመት ይህንኑ ሥራ የሚያስተባብር የሰብዓዊ ርዳታ የካርታ ቡድን ተቋቋመ። እኔ ማስተዋወቅ የፈለግሁት ግን ካርታውን ሳይሆን ቡድኑ ቆየት ብሎ ለበጎ ፈቃደኞች የሠራውን የሥራ ማከፋፈያ ነው፤ ስሙ ታስኪንግ ማናጀር ይባላል።

ችግሩ ቀላል ነበር። ሺህ ሰው «እንርዳ» ብሎ ሲመጣ ሁሉም መሐል ከተማው ላይ ይረባረባል፤ ዳሩ ባዶ ይቀራል። አንዱ የሣለውን ሌላው ይደግመዋል። ደቦ የጠራ ገበሬ እኮ «ኑ አግዙኝ» ብሎ አይተውም፤ ማን ከየትኛው ትልም እንደሚይዝ ያሳያል። ማከፋፈያውም ቦታውን በካሬ በካሬ ይሸነሽነዋል። ጀማሪው ነጭ ካሬ ይመርጣል፤ በመረጠበት ቅጽበት ካሬው ለሌላው ሰው ይቆለፋል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልጨረሰ ቁልፉ በራሱ ይከፈታልና ጀምሮ የጠፋ ሰው ሥራውን አንቆ አይዝም። ሲጨርስ «ተሥሏል» ይላል። ከዚያ ልምድ ያለው ሌላ ሰው ያየዋል፤ ደህና ከሆነ ያጸድቀዋል፣ ካልሆነ ከማስታወሻ ጋር ይመልሰዋል።

የካሬው አሠራር ያማረ ነው፤ በየትም አገር ያው ነው። ልዩነቱ ያለው ከካሬው ጋር በሚሰጠው መመሪያ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ መመሪያው ከሌላ ቦታ እንዳለ የተገለበጠ ይሆናል፦ «ሕንጻዎችን ሣል፣ መንገዶችን ሣል»። ጀማሪው ከመጀመሪያው ክብ ነገር ላይ ሲደርስ የሚጠይቀውን አይመልስለትም። ለጫግኒ ዙሪያ የሚሆን መመሪያ ክምሩን ከጎጆ መለየትን በሥዕል ማሳየት አለበት፦ ጎጆ ግቢና አጥር አለው፣ ወደ በሩ የሚያደርስ የእግር መንገድ አለው፣ በሌላ ዓመት በተነሣ ፎቶ ላይም እዚያው ይገኛል። ክምር ቦታውን ይለውጣል። አውድማ ደግሞ ጥላ አይጥልም። በዛፎች መካከል የተቀመጠ ክብ ጣሪያ ሲያይ ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ይጠርጥር እንጂ «ጫካ» ብሎ አይለፈው። ወደ ፋግታ ለኮማና ባንጃ ከፍ ሲሉ ደግሞ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ አለ፤ ገበሬው ለከሰል ተክሎ በጥቂት ዓመት የሚቆርጠው። ፎቶው ላይ ጥቁር ደን የመሰለው በማግሥቱ የጤፍ ማሳ ሊሆን ይችላልና፣ ጀማሪው እንዲተወው በግልጽ ይነገረው። «ይህን አትንካ» የሚል መስመር የሌለው መመሪያ ግማሽ መመሪያ ነው።

ሌላም መከልከል ያለበት አለ። የመንገድ ስም ከጎግል ካርታ ላይ እየቀዱ መለጠፍ ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበት ነው፤ የባለቤትነት መብት ስላለበት ተሠርቶ ይሰረዛል። እንዲጠቀሙበት የተፈቀደ የሳተላይት ፎቶ ግን አለ፤ የቢንግ ፎቶ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍት ነው።

ዊኪፔዲያም በሌላ በር ለጀማሪ ሥራን ቆርሶ ወደ መስጠቱ ደርሷል። ባዶ ገጽ ፊት የተቀመጠ አዲስ ሰው ምን ልጻፍ እንዳለ ይወጣል። ስለዚህ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥቂት ቋንቋዎች ለአዲስ ገቢዎች የሥራ ሐሳብ ማቅረብ ተጀመረ፣ ቀላሉ ከከባዱ ተለይቶ። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኮምፒዩተሩ ራሱ «ይህ ቃል ከዚያኛው መጣጥፍ ጋር ይያያዝ?» ብሎ የሚጠይቅበት መጣ፤ ሰውየው አዎ ወይም አይ ይላል፣ አዎ ያለውም እርማት ሆኖ ይመዘገባል። ስልክ ብቻ ለያዘ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለእኔ ግን የካርታው ሥራ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ሁለት ዓይነት ጀማሪ ይፈልጋል። ሩቅ ያለው ቅርጹን ይሥላል። ስም ግን ከሰማይ አይታይም። የወንዙን፣ የሰፈሩን፣ የመስኩን ስም የሚያውቀው ጫግኒ ያለው ነው፤ እሱም ካሬና የሳተላይት ፎቶ ላያስፈልገው ይችላል። በአንድሮይድ ስልክ የሚሠራ ስትሪትኮምፕሊት የሚባል መተግበሪያ ቆመው ባሉበት ቦታ አንድ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ይህ መንገድ አስፋልት ነው ወይስ ጠጠር? ይህ ሕንጻ ስንት ፎቅ አለው? መልሱ ቀጥታ ካርታው ላይ ይገባል።

ለዚህኛው ጀማሪ የሚጻፈው መመሪያ አጭር ቢሆንም ጥንቃቄ ይጠይቃል። አገሩ ሁለት ቋንቋ ይናገራል፤ ካርታውም የአማርኛውንና የአዊኛውን ስም በየራሳቸው መስመር ይቀበላል። ስለዚህ መመሪያው አንዱን ምረጥ አይበል፣ ሁለቱንም ጻፍ ይበል፤ ጘን የመሰሉ ለአገው ቋንቋዎች የሚውሉ ፊደላት ስልኩ ላይ ከሌሉም የት እንደሚገኙ ይጠቁም። ዋናው ስም ነዋሪው የሚጠራው ነው። ሰዎች የሚከራከሩበት ስም ሲያጋጥመው ጀማሪው አይለውጠው፤ ቦታው ላይ ማስታወሻ ሰክቶ፣ ማን ምን ብሎ እንደሚጠራው ጽፎ፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይለፍ።