መጥኖ መደቆስ ከጓሮ ይጀምራል
የበጋው የጓሮ አትክልት ዕቅድ የክረምቱ ሰብል ሳይነሳ መውጣት አለበት

መስከረም ሲጠባ የገጠሩ ጓሮ ሙሉ ነው። ዱባው አጥሩን ተንተርሶ ይወጣል፤ የሐበሻ ጎመኑ ጉልበት ይደርሳል፤ በቆሎው እሸት ይዟል፤ ድንቹም ለቁፋሮ ተቃርቧል። በዚህ ወር ለወጥ የሚሆን ፍለጋ ገበያ የሚወጣ ቤተሰብ ብዙ አይደለም። ድስት ጥዳ ወደ ጓሮ ብቅ ያለች እናት የምትቀነጥሰው አታጣም።

ያው ጓሮ በየካቲት ሲታይ ግን ሌላ ነው። የቀረው የደረቀ የበቆሎ አገዳ፣ ልቅ የተለቀቁ ከብቶች ያፈረሱት አጥርና የተሰነጣጠቀ መሬት ነው። በመስከረም ጎመን ለጎረቤት ይሰጥ የነበረ ቤተሰብ ሽንኩርቱን በኪሎ፣ ቲማቲሙን በመደብ ከገበያ ይገዛል። ዐቢይ ጾምም የሚገባው በዚሁ አካባቢ ነው። ወተቱና እንቁላሉ በቀረበት፣ አትክልቱ ይበልጥ በሚፈለግበት ወቅት ጓሮው ባዶውን ይቆያል።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው ብሂል ለበርበሬ የተነገረ ቢመስልም ለጓሮ አትክልትም በትክክል ይሠራል። የየካቲት ገበታ የሚወሰነው በየካቲት ሳይሆን በመስከረምና በጥቅምት ነው። የችግኝ ዕድሜ፣ የብስባሽ መብሰያ ጊዜና የጉድጓድ ውሃ መጠን ሦስቱም አስቀድሞ መቆጠር ይፈልጋሉ።

ውሃው ስንት ካሬ ሜትር ያጠጣል?

ብዙ ጊዜ የጓሮ አትክልት ዕቅድ የሚጀምረው ከመሬቱ ስፋት ነው። መጀመር ያለበት ግን ከውሃው ነው። ጉድጓዱ በኅዳር ሞልቶ ስለታየ ሰፊ መሬት ተከልሎ ችግኝ ይተከላል። መጋቢት ላይ ውሃው ሲሸሽ ሽንኩርቱ ኮረት ሳይጥል፣ ቲማቲሙም በአበባው ይቀራል። የዘሩ፣ የጉልበቱና የማዳበሪያው ወጪ አብሮ ይባክናል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። በበጋ ፀሐይ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ያለ ያደገ አትክልት በቀን በአማካይ 5 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። ቆላ ላይ ከዚህ ይበልጣል፤ ደጋ ላይ ያንሳል። አንድ ቤተሰብ ጉድጓዱ እጅግ በሚቀንስበት ወር ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለከብት ከተጠቀመ በኋላ ባለ 20 ሊትር 8 ጀሪካን ይተርፈዋል እንበል። ይህ 160 ሊትር ነው። ለ5 ሲካፈል 32 ካሬ ሜትር ይሆናል። 1 ሜትር ስፋትና 8 ሜትር ርዝመት ያላቸው አራት መደቦች ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሚተከለው ሁሉ በመጋቢት ለፀሐይ የሚተው ነው።

መደቡን በደረቅ ሣር ወይም በገለባ መጎዝጎዝና ማለዳ ወይም ወደ ማታ ማጠጣት ውሃው በከንቱ እንዳይተን ያደርጋል። ቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤትም ሌላ ምንጭ አለው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ክዳን ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። በ50 ካሬ ሜትር ክዳን ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል እስከ 500 ሊትር ይወርዳል። በመስከረም መጨረሻ የሚጥለውን ዝናብ በአሸንዳ አስገብቶ በበርሜል ያጠራቀመ ሰው ቢያንስ የችግኝ መደቡን የሚያጠጣበት አያጣም።

ከሚበላበት ቀን ወደ ኋላ መቁጠር

የውሃው ልክ ከታወቀ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ «መቼ ይዘራ?» ሳይሆን «መቼ ይበላ?» የሚለው ነው። ወራችን 30 ቀን መሆኑ ለዚህ ቆጠራ ይመቻል።

የገና ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው። ቆስጣ ከተዘራ ከ50 ቀን ገደማ በኋላ ቅጠሉ መቀንጠስ ይጀምራል። ስለዚህ ለጾሙ መግቢያ እንዲደርስ ዘሩ መስከረም 25 አካባቢ መሬት መግባት አለበት። ዐቢይ ጾም ደግሞ እንደ ዓመቱ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባሉት ቀናት ውስጥ ይገባል። ጥቅል ጎመን ለየካቲት 20 እንዲደርስ የሚፈልግ ቤተሰብ ችግኙን ኅዳር 20 ገደማ ማዛወር፣ ዘሩንም ከዚያ 35 ቀን ቀድሞ ጥቅምት 15 በችግኝ መደብ ላይ መዝራት ይኖርበታል።

ቀይ ሽንኩርት ከሁሉም በላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። መስከረም 20 የተዘራ ዘር ለመዛወር 50 ቀን ያህል ስለሚፈልግ ኅዳር 10 ይተከላል፤ ከዚያ በኋላ 4 ወር ገደማ ቆይቶ መጋቢት ላይ ይነሳል። ቲማቲም በአንጻሩ ይፈጥናል። መስከረም 25 ተዘርቶ ጥቅምት 25 ከተዛወረ ጥር አጋማሽ ላይ የመጀመሪያው ለቀማ ይጀምራል። ረመዳንም በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ፣ ለአፍጥር ሾርባና ሳምቡሳ የሚሆነውን አትክልት ከጓሮው ለማግኘት የሚያስብ ቤተሰብ ቆጠራውን በየዓመቱ ማስተካከል አለበት።

እነዚህ ቀናት እንደ ዝርያውና እንደ አየር ንብረቱ ከፍና ዝቅ ይላሉ። በተለይ በደጋው አካባቢ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር የሚጥለው ውርጭ ቲማቲምንና ቃሪያን በአንድ ሌሊት ያጠፋል። በዚያ አካባቢ ለበጋው መደብ የሚሻሉት ጎመን፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን ናቸው።

ሌላው ስህተት መደቡን በሙሉ በአንድ ቀን መዝራት ነው። 8 ሜትር ሙሉ የተዘራ ቆስጣ በአንድ ሳምንት ይደርሳል፤ ቤተሰቡ በልቶ አይጨርሰውም፤ ቀሪው ያፈራና ይሻግታል። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ከሦስት ሳምንት በኋላ የዘራ ሰው ግን ያለማቋረጥ ይቀነጥሳል።

ድንቹ የነበረበት ቦታ

በመስከረም ዕቅድ ማውጣት የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። ድንቹ ተቆፍሮ መሬቱ ከተስተካከለ በኋላ የቱ መደብ ላይ ምን እንደነበረ ይረሳል። ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና በርበሬ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ብዙዎቹ በሽታዎቻቸውና ተባዮቻቸው የጋራ ናቸው። ክረምቱን ድንች በነበረበት መደብ ላይ በበጋ ቲማቲም መትከል ለተባዩና ለበሽታው ማረፊያ ማዘጋጀት ነው።

በ2004 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው ቱታ አብሶሉታ የተባለው ተባይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ትሉ የቲማቲምን ቅጠል በውስጡ እየቦረቦረ፣ ፍሬውን እየበሳ ይጎዳል፤ ድንች ላይም ይኖራል። ቅጠሉ ውስጥ ስለሚደበቅ መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም። ለጓሮ አምራች የመጀመሪያው መከላከያ መደብ መቀያየር፣ የተጠቃውን ቅጠልና ፍሬ ለቅሞ መቅበር፣ የለቀማው ጊዜ ሲያበቃም ግንዱን ነቅሎ ማስወገድ ነው።

አራቱን መደብ በቤተሰብ መክፈል ነገሩን ያቀላል። በመጀመሪያው የሐበሻ ጎመንና ጥቅል ጎመን፣ በሁለተኛው ካሮት፣ ቀይ ስርና ቆስጣ፣ በሦስተኛው ቀይና ነጭ ሽንኩርት፣ በአራተኛው ቲማቲምና ቃሪያ ይሁን። በቀጣዩ ወቅት እያንዳንዱ ቡድን አንድ መደብ ይሻገራል። በመሐል አንዱ መደብ ፎሶሊያ ወይም አተር ቢዘራበት ደግሞ ለቤተሰቡ ምግብ፣ ለአፈሩም ናይትሮጅን ይሆናል።

ዘር፣ ፍግና አጥር

ዕቅዱ በወረቀት ካለቀ በኋላ ሦስት ሥራዎች ሳይዘገዩ መጀመር አለባቸው።

አንደኛው ዘር ነው። የሽንኩርት ዘር የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ከሚያጡ ዘሮች አንዱ ነው። አምና በቤት የቀረውን ዘር ተማምኖ የችግኝ መደብ ማዘጋጀት 50 ቀን ሊያስከስር ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ 20 ፍሬ ዘር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ከ7 እስከ 10 ቀን ማቆየትና የበቀሉትን መቁጠር ነው። ከግማሽ በታች ከበቀለ ሌላ ዘር መፈለግ ይሻላል። ከዲቃላ ዝርያ ፍሬ የተለቀመ ዘርም እንደ እናቱ አይሆንም።

ሁለተኛው ፍግና ብስባሽ ነው። በመስከረምና በጥቅምት አረንጓዴው ቅጠልና ሣሩ እንደልብ ስለሆነ ብስባሽ ለማዘጋጀት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ይሁንና ብስባሽ ለመብሰል ከ3 እስከ 4 ወር ይፈልጋል። ዛሬ የተከመረው የሚደርሰው በጥር ስለሆነ ለጥቅምቱ ተከላ የሚሆነው በደንብ የበሰበሰ የቆየ ፍግ ነው። ያልበሰበሰ ፍግ ችግኙን ያቃጥላል፤ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል።

ሦስተኛው አጥር ነው። መኸሩ ከተሰበሰበ በኋላ ከብት በየማሳው ይለቀቃል። በአረንጓዴነቱ ብቻውን የሚታይ ጓሮ የመጀመሪያ ዒላማ ነው። ችግኙ ከመተከሉ በፊት ያልታጠረ ጓሮ ዕቅዱ ምንም ቢያምር ለበሬ የተዘጋጀ ግጦሽ ይሆናል።

ሁሉም ሽንኩርት ሲያወጣ

የጓሮው ጉዳይ ከገበያውም ጋር ይያያዛል። በፎገራ ሜዳ የርብንና የጉማራን ወንዞች ተጠቅሞ፣ በመርአዊ አካባቢም 7 ሺህ ሄክታር እንዲያለማ በተገነባው የቆጋ መስኖ በየበጋው ብዙ አትክልት ይመረታል። በአንድ ሳምንት የተተከለ ሽንኩርት በአንድ ሳምንት ይነሳል፤ ገበያውም በአንድ ቀን ይጥለቀለቃል። ማከማቻ የሌለው አርሶ አደር ነጋዴው የጠራለትን ዋጋ ተቀብሎ ይሸጣል። ክረምት ላይ ያንኑ ሽንኩርት በእጥፍ ከፍሎ የሚገዛውም እሱ ነው።

ጓሮው ይህን የገበያ ችግር ብቻውን አይፈታም። ሆኖም የቤቱን ፍጆታ ከገበያው ውጣ ውረድ ያስጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። ለአምስት ቤተሰብ በቀን 2 ኪሎ ማለት ነው። 32 ካሬ ሜትር ይህን ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም፤ ከሽሮው ጎን ጎመን፣ ከጎመኑ ጎን ካሮት ግን ያስቀምጣል። በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት ሲነሳ የሚፈልገው ለውጥ በመጨረሻ የሚታየው በዚህች የሕፃን ሰሃን ላይ ነው።

የወረዳው ድርሻ

የዕቅዱ ባለቤት ቤተሰቡ ቢሆንም የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሊያቀናው ወይም ሊያበላሸው ይችላል። በኅዳር የሚደርስ የሽንኩርት ዘር ለመጋቢት ገበታ አይደርስም። ዘር ለጓሮ አምራች የሚያገለግለው በትንሽ መጠን ተከፋፍሎ፣ ከመስከረም አጋማሽ በፊት ቀበሌ ሲገባ ነው። የአርሶ አደሮች ማሰልጠኛ ማዕከላትም በዚሁ ወር የችግኝ መደብ ቢያሳዩ ከበጋው አጋማሽ ጉብኝት የበለጠ ይጠቅማል።

ጓሮውን በአብዛኛው የሚያርሱት፣ የሚያጠጡትና የሚለቅሙት እናቶችና ልጆች ናቸው። የዕቅድ ስብሰባው ግን ብዙ ጊዜ የሚጠራው የቤቱን አባወራ ነው። ውሃው በመጋቢት ስንት ጀሪካን እንደሚደርስ በትክክል የምታውቀው ቀጂዋ ናት። እሷ ያልተገኘችበት የጓሮ ዕቅድ ከመጀመሪያው ስሌቱ ጎድሎ ይነሳል። ሪፖርቱም ቢሆን «ይህን ያህል ሄክታር ለማ» ከማለት ባሻገር «ይህን ያህል ቤተሰብ በየካቲት ከጓሮው በላ» የሚል መስመር ቢጨመርበት ሥራው የት እንደደረሰ በግልጽ ያሳያል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ የተማሪ ደብተር ነው። የመደቦቹ ንድፍ፣ የተዘራበት ቀን፣ የመጀመሪያው ቅጠል የተቀነጠሰበት ቀን፣ ጉድጓዱ የቀነሰበት ሳምንት፣ ተባዩ የታየበት መደብ ይጻፍበታል። መጻፍ ለማይችል ወላጅ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ይጽፍለታል። ዘንድሮ የተጻፈው ለከርሞ መስከረም መነሻ ይሆናል፤ ቤተሰቡም በራሱ ጓሮ፣ በራሱ ውሃና በራሱ ቀን ያቅዳል።

ዝናቡ ገና አላባራም፤ ጓሮው ዛሬም አረንጓዴ ነው። ድንቹ ከመቆፈሩ በፊት ንድፉን ማውጣት፣ ጀሪካኑን መቁጠርና የሽንኩርቱን ዘር በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል የዚህ ሳምንት ሥራ ነው።