ግራን በሌሊት መያዝ፦ በካሪቢያን ደሴቶች ዕረፍት ላይ ስላለ አሽከርካሪ



ርእሴን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ማለታችሁን አይቻለሁ። ለዕረፍት ካሪቢያን ድረስ የሚዘልቅ ከመካከላችን ብዙ አይገኝም። በሰሜን አሜሪካ ለሚኖሩ ዘመዶቻችን ግን ጃማይካ የጥቂት ሰዓት በረራ ናት፤ እኔም የሄድኩት ቶሮንቶ የምትኖረው እኅቴ ጋብዛኝ ነው። በሦስተኛው ምሽት ከሞንቴጎ ቤይ ወደ ኦቾ ሪዮስ ስንጓዝ ነዳጅ ለመቅዳት ቆምን። ከማደያው ስንወጣ መንገዱ ጭር ብሎ ነበር። ያለ አንዳች ጥርጣሬ ቀኜን ይዤ ነዳሁ። በጃማይካ የሚነዳው በግራ ነው። እኅቴ «ወንድሜ፣ ግራህን ያዝ!» ብላ ስትጮኽ የጭነት መኪና መብራት ከኩርባው ብቅ ብሎ ነበር።

ቀኑን ሙሉ ሳልሳሳት ውዬ በሌሊት የተሳሳትኩት ለምንድን ነው? በቀን በግራ የሚያስኬደን የራሳችን ንቃት ብቻ አይደለም። ከፊት የሚሄደው ታክሲ፣ ከወዲያ የሚመጣው አውቶቡስ፣ የቆሙት መኪኖች አቅጣጫ ሁሉ ሳናውቀው ያስታውሱናል። ሌሊት እነዚህን አስታዋሾች ይወስዳቸዋል፤ ባዶ በቀረው ስፍራ የዓመታት ልማድ ይገባበታል። ስለዚህ የከፋው ጊዜ ረጅሙ ጎዳና ላይ ያለው አይደለም፤ ከማደያ፣ ከሆቴል በር ወይም ከጠባብ መንገድ የምንወጣበት የመጀመሪያዋ ቅጽበት ናት።

ደሴቶቹ ሁሉ አንድ አይደሉም። ጃማይካ፣ ባርቤዶስ፣ ትሪኒዳድ፣ አንቲጓና ሌሎቹ የብሪታንያ ቅኝ ግዛት የነበሩት በግራ ይነዳሉ፤ ኩባ፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ፖርቶ ሪኮና ማርቲኒክ በቀኝ። እኛም ብንሆን እስከ እ.ኤ.አ. 1964 በግራ እንነዳ እንደነበር ከእናንተ ታላላቆቹ ታስታውሱ ይሆናል። እጅግ የሚገርሙት አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1917 ከዴንማርክ የተረከበቻቸው የቨርጂን ደሴቶች ናቸው። በዚያ መንገዱ የግራ ነው፤ መኪኖቹ ግን በአብዛኛው ከአሜሪካ ስለሚመጡ መሪያቸውም በግራ ነው። አጭር መብራት ደግሞ ብርሃኑን ወደ መንገዱ ጠርዝ አብዝቶ እንዲጥል ተደርጎ ይሠራል። ለቀኝ መንገድ የተሠራ መብራት በግራ ሲነዳበት ያ ብርሃን ጠርዙን ትቶ የሚያርፈው ከፊት በሚመጣው አሽከርካሪ ዓይን ላይ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ብርሃን ሲያጥበረብረን ዓይናችንን ወደ መንገዱ ጠርዝ እንድንመልስ ተምረናል፤ ለእኛ ጠርዙ በቀኝ ነው። በጃማይካ ያንኑ ያደረገ ሰው ወደሚመጣው መኪና እየተመለከተ፣ እጁም ዓይኑን እየተከተለ ይሄዳል። በዚያ መታየት ያለበት የግራው መስመር ነው። ዕድሜም ድርሻ አለው፦ የስድሳ ዓመት ሰው ረቲና ላይ የሚደርሰው ብርሃን የሃያ ዓመት ወጣት ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ያህል ነው፤ ከመጥበርበር ለማገገምም ብዙ ሰከንድ ይፈልጋል።

ስሌቱን እንመልከት። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ተኩል ሰከንድ ቢፈጅበት 33 ሜትር ይጓዛል፤ በደረቅ አስፋልት ለመቆም ሌላ 36 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ጥቁር ልብስ የለበሰ እግረኛ በአጭር መብራት ከ50 ሜትር ወዲያ ብዙውን ጊዜ አይታይም። ፍጥነቱ ወደ 50 ሲወርድ ግን ጠቅላላው ርቀት 35 ሜትር ገደማ ይሆናል። በመንገድ ዳር ፍየል በሚሰማራበት፣ ጉድጓዱም ዝናብ ሞልቶት ተራ ኩሬ በሚመስልበት ገጠር ይህ ልዩነት የሰው ሕይወት ነው። ከኦቾ ሪዮስ ወደ ደቡብ የሚወጣው ፈርን ጋሊ የተባለው መንገድ በጥንት የወንዝ መሄጃ ውስጥ ያልፋል፤ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፣ ዛፎቹም ከላይ ስለገጠሙበት በቀን እንኳ ይጨልማል። በሌሊት ባትሄዱበት እመርጣለሁ።

ጨለማው የሚመጣበት ፍጥነትም እንግዳን ያታልላል። በቶሮንቶ በሰኔ ፀሐይ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ትቆያለች፤ ድንግዝግዙም ይረዝማል። በጃማይካ ግን በበጋም ቢሆን አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይጨልማል። እኛ ይህን ከአገራችን እናውቀዋለን፤ እኅቴ ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ረስታው ነበር፤ «ገና ብርሃን አለ» እያለች ከባሕሩ ዳር ያቆየችን እርሷ ናት።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ራታችንን ከማረፊያችን በእግር በሚደረስበት ስፍራ መብላት ጀመርን። መንዳት ግድ በሆነባቸው ሁለት ምሽቶች፣ ከማንኛውም ደጃፍ ከመውጣታችን በፊት እኅቴ «ግራ» ትላለች፤ እኔም «ግራ» ብዬ እመልስና ፍሬቻ አበራለሁ። ፍሬቻው በቀኝ እጅ በኩል መሆኑን ግን አልለመድኩትም፤ ባበራሁ ቁጥር የሚንቀሳቀሰው የዝናብ መጥረጊያው ነበር።