እምቦጭ ተነቅሎ የሚመለሰው ለምንድን ነው?

ዛሬ ስለ እምቦጭ አረም የማውቀውን ላካፍላችሁ። ጣና ዳር እየኖርን እምቦጭን የማናውቅ የለንም። ግን በየዓመቱ ይነቀላል፣ በየዓመቱ ይመለሳል። ለምን?

እምቦጭ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። ሐምራዊ አበባው ስለሚያምር ሰዎች ለጌጥ ብለው ወደ ብዙ አገር ወሰዱት። በአገራችን ቀድሞ የታየው በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ሲሆን ጣና ላይ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው።

እምቦጭ የሚራባው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው እንደ ሙዝ ከጎኑ ቡቃያ በማውጣት ነው። ከተመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። እስቲ የሒሳብ ጎበዞች አስሉት! አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ በ20 ሳምንት 1024 ይደርሳል። ሁለተኛው በዘር ነው። ዘሩ ወርዶ ጭቃው ውስጥ ይቀመጣል፤ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ውሃው ሲሸሽ ዳር ላይ ይበቅላል። የሚመለሰው ለዚህ ነው። የምንነቅለው ላዩን ነው፣ ዘሩ ግን ታች አለ።

ደግሞ ግንዱ እንደ ስፖንጅ አየር ስለያዘ ይንሳፈፋል። አንዱ ቀበሌ ሲያጸዳ ነፋስ ከሌላው ቀበሌ ነድቶ ያመጣበታል።

ጉዳቱ ብዙ ነው። ውሃውን ሲሸፍነው ብርሃን አይገባም፣ ዓሣው አየር ያጥረዋል። ታንኳ አያሳልፍም። የከብቶች ግጦሽም ይወስዳል። አባቴ ዓሣ አስጋሪ ነው፤ መረቡ ዓሣ ሳይሆን እምቦጭ ይዞ የሚወጣበት ቀን አለ። ያን ቀን የሚሸጥ ነገር የለም።

ታዲያ ምን ይሻላል?

1. አበባ ሳያወጣ መንቀል። አብቦ ዘር ከጣለ በኋላ መንቀል ግማሽ ሥራ ነው።

2. ከነሥሩ ማውጣት። ተቆርጦ የቀረው ቁራጭ እንደገና ያቆጠቁጣል።

3. ከውሃው አርቆ መከመር፣ ሲደርቅ ማቃጠል። ዳር ላይ ከተተወ የክረምት ጎርፍ መልሶ ይወስደዋል።

4. ተመልሶ ማየት። አዲስ የበቀለው ትንሽ እያለ መንቀል ቀላል ነው።

5. አፈራችንን መጠበቅ። ከእርሻ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ የእምቦጭ ምግብ ነው። እርከን መሥራትና ዛፍ መትከል ጣናንም ያድናል።

ማሽንም ይረዳል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ደግሞ እምቦጭን ብቻ የሚበላ ነቀዝ መሳይ ጥንዚዛ ተለቆ አረሙን ቀንሶታል።

እኛ ልጆችስ? ብቻችንን ውሃ ውስጥ አንግባ፣ ቢልሃርዚያ አለ። ግን ትልልቆች አውጥተው የከመሩትን ማራቅ እንችላለን። ትንንሽ ቡቃያ ስናይ ቶሎ መናገር እንችላለን። ደግሞ አበባው አማረን ብለን ቀጥፈን ወደ ቤት አንውሰድ፣ ኩሬና ቦይ ውስጥም አንጣል። ወደ ሌላ ውሃ የሚሄደው እንዲህ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። እምቦጭም እንደዚያው ነው። አንድ ቀን በዘመቻ ወጥተን ከተውነው ያሸንፈናል፤ ተራ ይዘን ከተመላለስን ግን እናሸንፈዋለን።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!