ስለ ቤትና ስለ ሕንጻ የሚነገሩ ቃላት፤ እማሬያዊና ፍካሬያዊ ፍቻቸው በትምህርት ላይ

ቋንቋ ከሕዝብ ኑሮ ተነሥቶ የሚያድግ እንደመሆኑ መጠን፣ ሰው በእጁ የሠራቸው ነገሮች ስሞች ውለው አድረው የሐሳብ ስሞች ይሆናሉ። በአማርኛ ይህ ጎልቶ ከሚታይባቸው መስኮች አንዱ የቤትና የሕንጻ ቃላት መስክ ነው። «የቤቱ ምሰሶ ወደቀ» የሚል ዓረፍተ ነገር በማንበቢያ መጽሐፍ ሲያጋጥመው፣ በጎጆ ያደገ ልጅ የቤተሰቡ አስተዳዳሪ መሞቱን ያለ አስረጂ ይገነዘባል። በብሎኬትና በቆርቆሮ ቤት ያደገው ልጅ ግን ምሰሶን አይቶ ስለማያውቅ፣ ፍቺውን ሸምድዶ ያልፋል እንጂ የጉዳቱ ክብደት አይሰማውም። እማሬያዊው ፍቺ ከልጆች ኑሮ እየራቀ ሲሄድ ፍካሬያዊው ፍቺ ሥሩ እንደተቆረጠ ተክል ይሆናል። ስለሆነም ጉዳዩ የቋንቋ መምህራንን ብቻ ሳይሆን የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችንም የሚመለከት ነው።

1. የቃላቱ መነሻ

ባህላዊው ክብ ጎጆ ሲሠራ ቦታው ይደለደላል፤ ቋሚዎች ዙሪያውን ይተከላሉ፤ ማገር በቋሚዎቹ ላይ አግድም ይታሰራል፤ ምሰሶ መካከል ላይ ይቆማል፤ ጣሪያው ተዋቅሮ በሣር ይከደናል፤ ግድግዳው በጭቃ ይመረጋል። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ግሥ እንዳለው ልብ ይሏል። የጣሪያን እንጨት አገጣጥሞ ማቆም «ማዋቀር» ስለሚባል፣ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚነገረው «መዋቅር» የዚሁ ግሥ ዘር ነው።

የድንጋይ ሥራም እንዲሁ ነው። የጎንደር አብያተ መንግሥት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ ስለተሠሩ «ተገነቡ» ይባላል። የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት ግን ከአለት ተፈልፍለው የወጡ በመሆናቸው «ተወቀሩ» እንጂ «ተገነቡ» ማለት አይስማማቸውም። በፍካሬያዊው አገባብም ልዩነት አለ። «መገንባት» ለምጣኔ ሀብትና ለድርጅት ሲነገር፣ ከግእዝ የመጣው «ማነጽ» ግን ይበልጡን ለሰው ጠባይ ይውላል፤ «በግብረ ገብ የታነጸ ትውልድ» እንዲሉ።

2. ፍቺ የሚሸጋገርባቸው መንገዶች

አንድ የሕንጻ ቃል ወደ ፍካሬያዊ ፍቺ ሲሻገር የነገሩን ጠባይ ሁሉ ይዞ አይሄድም። ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱን፣ ማለትም ቅርጹን፣ ተግባሩን ወይም ሥፍራውን ይዞ ይሻገራል።

ለቅርጽ የጋዜጣ «ዓምድ» ምሳሌ ይሆናል። የጋዜጣው ዓምድ ምንም የሚሸከመው ነገር የለም፤ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ መውረዱ ብቻ ስሙን አሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. ከ1314 እስከ 1344 በነገሡት በዐፄ ዓምደ ጽዮን ስም ውስጥ ያለው «ዓምድ» ግን ድጋፍነትን፣ ማለት ተግባርን፣ ያመለክታል። አንዱ ቃል በሁለት መንገድ ተሻግሯል ማለት ነው። «ጣሪያ»ም ከዝናብ መከለሉ ቀርቶ የመጨረሻ ከፍታነቱ ብቻ ተወስዶ «የዋጋ ጣሪያ»፣ «የደመወዝ ጣሪያ» ተብሏል።

ሥፍራን በሚመለከት «ደጅ»ንና «እልፍኝ»ን መጥቀስ ይበቃል። ጉዳዩ እስኪታይለት ከባለሥልጣን በራፍ የሚመላለስ ሰው «ደጅ ይጠናል»፤ ወደ ውስጥ ያልገባ ነውና። «ደጃዝማች» የተባለው ማዕረግ ከ«ደጅ»ና ከ«አዝማች» የተሠራ ሲሆን፣ «እልፍኝ አስከልካይ» ደግሞ ወደ ጌታው ክፍል የሚገባውንና የማይገባውን የሚለይ ሹም ነበር። በቀድሞው ሥርዓት የሰው ክብር ከበሩ በነበረው ርቀት ይለካ እንደነበር ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

ለተግባር «መሠረት» ዋነኛ ምሳሌ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ ዘመቻ «የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ» መባሉ ፊደል መቁጠር ቤቱ ራሱ ሳይሆን የቤቱ መነሻ መሆኑን ያሳያል። መሠረት ተጥሎ ግድግዳ ካልተነሣበት ዝናብ እንደሚሸረሽረው ሁሉ፣ ንባብ የተማረ ጎልማሳም የሚያነበው ካላገኘ የተማረውን ይረሳል። «ድኅረ መሠረተ ትምህርት» የተባለው ተከታይ ደረጃ አስፈላጊነቱ ከዚሁ የመነጨ ነበር።

3. «ቤት» በትምህርት ቃላት ውስጥ

ተማሪ በየቀኑ የሚያገኛቸው የትምህርት ቃላትም ከቤት የራቁ አይደሉም። በሒሳብ የአንድ ቤት፣ የአሥር ቤት፣ የመቶ ቤት ይባላል። በ352 ውስጥ 5 በአሥር ቤት ስለተቀመጠ ዋጋው 50 ነው። እዚህ ላይ «ቤት» ማለት መቀመጫ መሆኑ ካልተብራራ፣ ጀማሪው ተማሪ አሥር ቤቶች እንደተባለ ሊመስለው ይችላል። በግጥም ስንኞች መጨረሻቸው ሲገጥም «ቤት መታ» ይባላል። በሰዋስው የዓረፍተ ነገሩ አድራጊ «ባለቤት» ነው። «ልጁ ዳቦ በላ» የሚለው «ልጆቹ ዳቦ በሉ» ሲሆን ግሡ አብሮ መለወጡ፣ ግሥ ለባለቤቱ እንደሚታዘዝ ያስረዳልና ስሙ ተስማሚ ነው።

በጥምር ቃላት አገባብ ሁለት ሥርዓት አለ። በግእዙ ሥርዓት «ቤተ» ይቀድማል፤ ቤተ መንግሥት፣ ቤተ መጻሕፍት። በአማርኛው ይከተላል፤ ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤት። ብዙ ቁጥሩም እንደየሥርዓቱ «አብያተ መጻሕፍት» እና «ትምህርት ቤቶች» ይሆናል። «መጻሕፍት» አስቀድሞ ብዙ ስለሆነ «ቤተ መጻሕፍቶች» ብሎ መጻፍ የብዙ ብዙ ማድረግ ነው።

4. በማስተማር ረገድ

በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከፈቀደ ወዲህ፣ ብዙ ልጆች አማርኛን የሚማሩት እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። የትግራዩ ልጅ የሚያውቀው በድንጋይ የተሠራውን ሕድሞ፣ የዶርዜው ልጅ ከቀርከሃ የተሠራውን ረጅም ቤት ሊሆን ይችላል። ጎጆው የሁሉም ቤት እንደሆነ አድርጎ ማስተማር እነዚህን ልጆች ከትምህርቱ ደጅ ማስቀረት ይሆናል።

ስለዚህ መምህሩ በቅድሚያ ተማሪዎቹ የየራሳቸውን ቤት ሥለው ክፍሎቹን በሚያውቁት ስም እንዲጠሩ ያደርጋል። ቀጥሎ የያንዳንዱን ክፍል ቅርጽ፣ ተግባርና ሥፍራ ይጠይቃል። ከዚያ ወዲያ ፍካሬያዊውን ዓረፍተ ነገር አቅርቦ ከሦስቱ የትኛው እንደተሻገረ ራሳቸው እንዲለዩ ይተዋል። የመጽሐፍ አዘጋጆችም «ምሰሶ»ን ወይም «ማገር»ን በምሳሌያዊ አነጋገር ከማስገባታቸው በፊት፣ ቃሉ በእማሬያዊ ፍቺው ከሥዕል ጋር ቀደም ባለ ምዕራፍ መቅረቡን ሊያረጋግጡ ይገባል። ቤት ከመሠረቱ እንጂ ከጉልላቱ አይጀመርምና።