አንባቢና አሳቡ በጎንደር

አንድ መጽሐፍ አንብቦ የፈጸመ ሰው በጎንደር ፒያሳ ከባልንጀራው ጋራ ቡና ይዞ ሲቀመጥና «ያ መጽሐፍ እንዴት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልሱ ብዙውን ጊዜ «ግሩም ነው» ወይም «አልጣመኝም» ከሚል አያልፍም፤ ጠያቂውም ከዚያ በላይ ሳይመረምር ወደ ሌላ ጨዋታ ይሻገራል። ይህን የመሰለው አጭር ፍርድ በሌላ ከተማ ቢሰማ ባላስደነቀ ነበር፤ ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን ከቈረቈሩባት፣ ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ ጻድቁ በግቢያቸው ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ካሠሩባት፣ ሊቃውንቱም ስለ አንዲት ንባብ ምሥጢር ሲከራከሩ ዘመናቸውን ከፈጸሙባት ከጎንደር ሲወጣ ግን ያስቈጫል።

ስለ ተነበበ መጽሐፍ አሳብ መለዋወጥ በዚህ አገር ከጋዜጣና ከማተሚያ ቤት ጋራ የመጣ ልማድ አይደለም። በትርጓሜ መጻሕፍት ጉባኤ ቤት ሲሠራበት የኖረው፣ ዛሬም በአንዳንድ ደብር ያልተቋረጠው ሥርዓት ይህን ይመስላል፦ መምህሩ በወንበራቸው ይቀመጣሉ፤ ደቀ መዛሙርቱ ይከቧቸዋል፤ ከተማሪዎቹ አንዱ የግእዙን ንባብ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያሰማል፤ መምህሩም አስቀድመው የንባቡን ፍቺ በአማርኛ ይሰጣሉ፤ ታሪክ የሚሻ እንደ ሆነ ታሪኩን፣ ሐተታ የሚሻ እንደ ሆነ ሐተታውን ያመጣሉ፤ ከዚያም «አንድም» ብለው ሁለተኛውን፣ ደግመውም «አንድም» ብለው ሦስተኛውን አሳብ ከፊተኛው አጠገብ ያቆሙታል። ጉባኤው ሲፈታ ተማሪዎቹ ለብቻቸው ተሰብስበው የሰሙትን በቃል ይደግሙታል፤ ይህም ቅጸላ ይባላል። ትምህርቱ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብሎ በአራት ወገን የተከፈለ ሲሆን፣ አራቱን ጉባኤ የፈጸመ ሊቅ «አራት ዓይና» የሚል የክብር ስም ያገኛል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ እኔን የሚማርከኝ የአሳቡ ብዛት ሳይሆን የአሳቡ ተራ ነው። ንባቡ ምን እንደሚል ሳይታወቅ ስለ ንባቡ መናገር አይፈቀድም፤ ሁለተኛው ትርጓሜ ሲመጣም የፊተኛውን አይሽረውም። ተማሪው ልቡ ያዘነበለበትንም ያላዘነበለበትንም አሳብ በእኩል ጥንቃቄ በቃሉ ይዞ መገኘት አለበት፤ የማይስማማበትን ቃል አጣሞ የተናገረ ከጓደኞቹ ፊት ማፈሩ አይቀርም። እኛ ግን ከዚህ ሁሉ ያስቀረነው የመጨረሻውን፣ ማለት የገዛ አሳባችንን መናገሩን ብቻ ሲሆን፣ ከእርሱ በፊት ይደረግ የነበረውን ድካም ሁሉ ትተነዋል።

ልዩነቱም እውነተኛ ልዩነት ነበረ። ከግራኝ ጦርነት በኋላ የተበተነው ትምህርት ተሰብስቦ በጎንደር ሲጸና፣ መምህር ኤስድሮስ የተባሉት ስመ ጥር ሊቅ ከቀደመው ትርጓሜ እርማት የሚያሻውን ለማቃናት ተነሡ፤ በትውፊት እንደሚነገረውም ወደ ጣና ደሴት ገብተው መጻሕፍቱን ሲመረምሩ ዓመታት ቈይተዋል። ከእርሳቸው የወጣው ትምህርት ታች ቤት፣ በቀደመው የጸናው ላይ ቤት ተባለ፤ ስሙ የከተማይቱን የላይና የታች ሰፈር የሚያመለክት ነው። የታች ቤቱ በደቀ መዛሙርቱ ብዛት እየሰፋ አብዛኛውን አገር ያዘ፤ ሆኖም የላይ ቤቱ ትርጓሜ ዛሬም ከሊቃውንቱ አፍ ፈጽሞ አልጠፋም። ሁለት የንባብ ወገኖች በአንድ ከተማ ጐን ለጐን መኖራቸውን ሳስብ፣ የዛሬው አንባቢ በአንድ ልብ ወለድ ምክንያት ከወዳጁ መኳረፉ ያሳፍረኛል።

ነቀፋም አለኝ፤ ጉባኤው አሳቡን እንጂ የአሳቡን ባለቤት አላቈየልንም። ከአንድም በኋላ የሚመጣው ያማረ ትርጓሜ ከማን ልብ እንደ ፈለቀ፣ በየትኛው ዘመን እንደ ተጨመረ፣ ብዙውን ጊዜ ለማወቅ አይቻልም። ለትሕትና ሲባል ተደረገ ይሉናል፤ ይሁን፤ ነገር ግን ስሙ ያልታወቀ ሰው ለተናገረው መልስ አይሰጥም፤ የሚመጣው ትውልድም ሊጠይቀው አይችልም።

መጻሕፍቱም ቢሆኑ በቦታቸው አልተገኙም። ጀምስ ብሩስ የተባለው የእስኮትላንድ ሰው በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ ከቈየ በኋላ ይዟቸው ከሄደው ብራናዎች መካከል መጽሐፈ ሄኖክ ነበረ፤ የአውሮፓ ሊቃውንት ለብዙ ዘመን በቍርጥራጭና በጥቅስ ብቻ የሚያውቁትን፣ በእኛ ዘንድ ግን ከብሉያት እንደ አንዱ ሆኖ የሚነበበውን ይህን መጽሐፍ በ1813 ዓ.ም. ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አሳተመው፤ ስለ መጽሐፉ የሚደረገው ክርክርም በአውሮፓ ቀጠለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ ከጎንደር አድባራት ያስወጧቸው መጻሕፍት በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ተከማችተው ሳሉ፣ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሠራዊት አምባውን ሲይዝ ወደ 350 የሚሆኑት ለንደን ገቡ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ወደ እንግሊዝ ስለ ጻፉ አንድ ክብረ ነገሥት በ1865 ዓ.ም. ተመልሷል። ሌላው እዚያው አለ።

ከከተማው ወጥቶ ወደ ወገራ፣ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ደጋ ለሚዘልቅ ሰው ደግሞ አንባቢ ማለት ራሱ ሌላ ነገር ነው። ብርዱ ከምድጃው አጠገብ በሚያስቀምጠው በዚያ አገር፣ ዳዊትና ተአምረ ማርያም የሚነበቡት ላልተማረው ጭምር እንዲሰሙ ነው፤ ስለዚህ መጽሐፍን በጆሮ መቀበል ለገበሬው ባዕድ አልነበረም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ፣ ፊደል ያልቈጠረው አድማጭ ሁሉ ባለ አሳብ የሆነው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ፊታውራሪ መሸሻን የሚኰንን፣ ለሰብለ ወንጌል የሚያዝን፣ በጉዱ ካሣ የሚስቅ ወይም ከእርሱ ጋራ የሚቈጣ አድማጭ ፍርዱን የሚሰጠው የሰማውን መልሶ ከተረከ በኋላ ነው፤ ይህም ሳይታወቀው የቅጸላን መንገድ መከተሉ ነው። ከተሜው አንባቢ «ግሩም ነው» ብሎ በሚያልፍበት ቦታ፣ ባላገሩ ግን የልብ ወለዱ ባለታሪክ በዛብህ የትኛውን መንገድ ይዞ እንደ ሄደና ምን እንዳገኘው ሳይዘነጋ ይነግርሃል።

እኔም በቅርቡ ያነበብኋቸው ስለ ቴዎድሮስ የተጻፉት መጻሕፍት ናቸው። ስለ እኚህ ንጉሥ የሚሰጠው አሳብ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተለያየ ነበረ፤ ደብተራ ዘነብ የጻፉት ዜና መዋዕል የንጉሡን መነሣት በአድናቆት ሲከተል፣ አለቃ ወልደ ማርያም የጻፉት ግን የኋለኛውን ዘመን ጭካኔ ሳይሸፍን ያወጣዋል። ሁለቱም በአማርኛ መጻፋቸው ለዘመኑ አዲስ ነገር ነበረ። ከልብ ወለዶቹ መካከል የጎንደሩ ተወላጅ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. ያሳተመው «የቴዎድሮስ እንባ» እና አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. ያወጣው «አንድ ለእናቱ» ይገኛሉ። ብርሃኑ በጋዜጠኝነት የተሳለ ብዕር ነበረውና ዐረፍተ ነገሩ አጭር፣ እርምጃው ፈጣን ነው፤ ለንጉሡ ችኰላ የተስማማ ሆኖ አገኘሁት፤ ስለ አድባራቱና ስለ ካህናቱ ሲነገር ግን ያ ፍጥነት ረጋ ቢል እመርጥ ነበር። አቤ በሌላው ልብ ወለዱ በ«አልወለድም» እንደሚታየው ተግሣጽ የሚወድ ደራሲ በመሆኑ፣ እዚህም ድምፁ ከጀግናው ድምፅ ጋራ ሲደባለቅ ይሰማኛል፤ ይህን ጕድለት የምለው እኔ ነኝ፤ ኀይሉ ከዚያ የመጣ ነው የሚሉ አንባቢዎችም አሉ፤ አሳባቸው ሚዛን የሚደፋ ነው።

ነገር ግን በጎንደር ስለ እነዚህ መጻሕፍት ሲወራ ነገሩ ቶሎ ከደራሲው ወጥቶ ወደ ንጉሡ ይሄዳል። ከተማይቱ በ1859 ዓ.ም. በእርሳቸው ትእዛዝ ተዘርፋ መቃጠሏን የሚያስብ ሰው መጽሐፉን የሚመዝነው በዚያ ነው፤ ቋራ የወለደው ጀግና ነው ብሎ የሚኰራውም እንዲሁ በዚያው በኩል ይመዝነዋል። ሁለቱም ደራሲው ምን እንደ ጻፈ ሳይጠይቁ ይፋረዳሉ። በየትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ለመወያየት የሚሰበሰቡ ወጣቶች አሳብ ከመስጠታቸው በፊት አንደኛው አንድ ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነብ፣ ሌላው ቀጥተኛ አሳቡን ቢናገር፣ ሦስተኛው የተቃራኒውን ወገን ፍርድ ሳያጣምም ቢያሰማ፣ የሁሉም ስም ከነአሳቡ በመዝገብ ቢሰፍር፣ ይህን ለማድረግ ግማሽ ሰዓት ይበቃቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ንጉሡ መከራከር ለሚወድ የጎንደር ምሽት ረዥም ነው።