ያውቁ ኖሯል? መጨረሻ ለመውጣት የተደረገ ትንቅንቅ
በጣሊያኑ የብስክሌት ዙር፣ በጂሮ ዲታሊያ፣ መሪው ሮዝ ማሊያ የሚለብሰው የውድድሩ መሥራች «ጋዜታ ዴሎ ስፖርት» በሮዝ ወረቀት ስለሚታተም ነው። ይህን ብዙዎች ያውቁታል። ከ1946 እስከ 1951 (እ.ኤ.አ.) ግን ለመጨረሻው ብስክሌተኛም ጥቁር ማሊያ ነበር፤ ከነሽልማቱ! ሉዊጂ ማላብሮካ በ1946 እና በ1947 ወሰደው። ሰዓት ለመግደል መጠጥ ቤት ይገባ፣ ጎተራ ውስጥ ይደበቅ፣ የገዛ ጎማውንም ያስተነፍስ ነበር ይባላል። በ1949 ግን ሳንቴ ካሮሎ የሚባል የባሰ ዘገምተኛ መጣበት። በመጨረሻው ቀን ማላብሮካ ከልክ በላይ ቢቆይ፣ ሰዓት ያዦቹ መጠበቅ ሰልችቷቸው ሄደዋል አሉ፤ አብረው ከገቡት ብዙዎች እኩል ሰዓት ተጻፈለት። ጥቁሩ ማሊያም ለካሮሎ ሆነ። ማላብሮካን ሰነፍ ነበር እንዳይሉት ደግሞ፣ በጭቃና በሜዳ በሚካሄደው የብስክሌት ውድድር የጣሊያን ሻምፒዮን ሆኗል።